ከጎማው ሥር የቀረው ድንጋይ

«ድንጋዩን ካነሳህ ውሃ ትቀዳለህ። ካላነሳህ ራዲያተርህ ውስጥ ምራቅህን ትፋበት።»

ኡኒ ሮስ ለሾፌር ሁሉ የምትለው ይህንኑ ነው። ጎረምሳም ይሁን ሽበታም፣ ሲሚንቶም ይጫን ከሰል፣ ፊት አይታ አታዳላም። በሱማትራ ደሴት ከፓዳንግ ወደ ሶሎክ የሚወጣውን አቀበት የሚያውቅ ሁሉ እሷን ያውቃል። መንገዱ እየተጠማዘዘ ጫካው ውስጥ ገብቶ፣ መኪናው ሁሉ እንደ አሮጌ በሬ ማለክለክ የሚጀምርበት መታጠፊያ ላይ፣ በቆርቆሮ የተከደነች ሻይ ቤት አለች። ከተራራው በቀርከሃ ቧንቧ የሚወርድ ውሃ በርሜሏ ውስጥ ሌት ተቀን ይንዠቀዠቃል። ሻይ ቤቷም፣ ቧንቧውም፣ ቁጣውም የኡኒ ሮስ ነው።

ሙሉ ስሟ ሮስማይኒ ነው። እኛ ዘንድ ታላቅ እህት ኡኒ፣ ታላቅ ወንድም ኡዳ ይባላል። እሷን ግን አባቷ የሚሆን ሾፌር እንኳ ኡኒ ይላታል። አክብሮ እንዳይመስላችሁ፣ ፈርቶ ነው።

መኪናው እየጨሰ እንደ ቆመ የራዲያተሩን ክዳን ለመክፈት የሚሮጥ ሞኝ በየቀኑ አይጠፋም። እሷ ሙዝ መጥበሻዋን ትታ ትመጣለች፣ ጭልፋዋን እንደያዘች።

«እጅህን ሰብስብ። ሞተሩን አጥፋ፣ ማርሽ አስገብተህ ተወው። ግባና ሻይህን ጠጣ። ሞተሩ ሲበርድ ክዳኑን በወፍራም ጨርቅ ይዘህ፣ ፊትህን አዙረህ፣ ቀስ ብለህ ትፈታዋለህ።»

«ኡኒ፣ እኔ እኮ ቸኩያለሁ።»

«ፊትህ ተልጦ ሆስፒታል ለመድረስ ነው የምትቸኩለው?»

አንድ የጃምቢ ሾፌር አልሰማ ብሏት ከፈተው። እንፋሎቱ ከአንገቱ እስከ ጆሮው ላጠው። ቀዝቃዛ ውሃ ስታፈስበት የዋለችውም እሷ ናት፣ እያፈሰሰች ስትሰድበው የዋለችውም እሷው ናት። እስካሁን ሲያልፍ ጡሩንባ ነፍቶላት ያልፋል፣ እሷ ግን ቀና ብላም አታየው።

ሰው ሁሉ የተፈጥሮዋ ቁጣ ይመስለዋል። አልነበረም። ባክታርን አግብታ ስትኖር ይች ሴት ሳቂታ ነበረች፣ ሳቋ ከበርሜሉ ውሃ በላይ ይሰማ ነበር። ቁጣው የመጣው ከድንጋዩ በኋላ ነው።

የድንጋዩ ነገር እንዲህ ነው። የጫነ መኪና አቀበት ላይ ሲቆም የእጅ ፍሬን አይታመንም። ስለዚህ ረዳቱ ዘሎ ይወርድና ከኋላ ጎማ ሥር ትልቅ ድንጋይ ይሸጉጣል። ከመታጠፊያው በታች ደግሞ ቅርንጫፍ ዘንጥሎ አስፋልቱ ላይ ይጥላል፣ ከታች የሚመጣው አይቶ ፍጥነቱን እንዲቀንስ። እስከዚህ ድረስ ደግ። ጎማው ተቀይሮ ወይም ሞተሩ በርዶ መኪናው ሲነሳ ግን፣ ያ ሁሉ ሸክም አንዴ ከተንቀሳቀሰ ማቆም የሚባል ነገር የለም። ረዳቱ ሮጦ ይንጠለጠላል፣ ሾፌሩ ነዳጁን ይረግጣል፣ ይሄዳሉ። ድንጋዩ መንገድ መሃል ይቀራል። ከኋላ በሞተር ሳይክል የሚመጣው የማን አባት፣ የማን ልጅ እንደሆነ ማን ይጨነቃል? ብትወቅሷቸው «ሁሉም ያደርገዋል» ይሏችኋል፣ ዓይናቸውን በጨው ታጥበው።

ባክታር በዚህ ድንጋይ ሞተ። ዝናብ ሲያካፋ ውሎ ነበር፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ከገበያ ዓሣና ቃሪያ ይዞ በሞተር ሳይክሉ ይወጣ ነበር። ከቤቱ በታች ያለውን መታጠፊያ ዞረ፣ ድንጋዩን መታው፣ አለቀ። ሻይ ቤቱ ከዚያ ቦታ የጠሩት ሰው የሚሰማበት ያህል ቅርብ ነው። ሮስ ውስጥ ሆና ሩዝ እያጠበች ነበር፣ የቆርቆሮው ዝናብ ሁሉን ነገር ሸፈነባት። ያገኘው ታላቅ ወንድሟ ሻፍዋንዲ ነው። ሲደርስ ባክታር በጀርባው ተኝቶ ነበር፣ ዙሪያውን ደግሞ ለምለም የቀረፋ ቅርንጫፍ ተደርድሮ ነበር፣ ከእግሩ በታችም ከራሱ በላይም፣ መኪና እንዳይወጣበት።

ማን እንደ ደረደረው ግን ሊታወቅ አልቻለም። በመታጠፊያው አካባቢ ቀረፋ የለም፤ ፈርንና ቁጥቋጦ ብቻ ነው። ቀረፋ ያለው ላይ፣ አቀበቱ አልቆ መንገዱ ሜዳ በሚሆንበት፣ ከትንሿ መስጊድ አጠገብ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ተጠየቀ፣ እኔ ነኝ ያለ አልተገኘም። ኢማሙ «ስሙ እንዲታወቅ ያልፈለገ ደግ መንገደኛ ነው» አሉ፣ ነገሩም በዚያው ተዘጋ። ለሮስ የቀረላት ሽታው ነው። ከዚያ ወዲህ ሻይዋ ውስጥ ቀረፋ ገብቶ አያውቅም፣ የጠየቃትንም ሰው ፊቷን አጥቁራ ነው የምታየው።

ድንጋዩን አንስታ ከሻይ ቤቷ አግዳሚ ወንበር ሥር አስቀመጠችው። መጀመሪያ አካባቢ የቆመውን ሾፌር ሁሉ «ይህ ድንጋይ ያንተ ነው?» ትለው ነበር። ማን አዎ ይላል? በኋላ መጠየቁን ተወችና መርገም ያዘች። ሰግዳ ስትነሳ የምትለው አንድ ነገር ነበር፦ «ወደ ኋላው ዞሮ ያላየ፣ አንገቱ ደርቆ ይቅር።»

መርገም ብቻም አይደለም። ሻፍዋንዲ አናጢ ነው፤ ከጠንካራ እንጨት በድንጋይ ፋንታ ጎማ ሥር የሚሸጎጥ ታኮ አስጠረበችው፣ በእያንዳንዱም ላይ ረጅም ገመድ አሰረችበት። ገመዱ ከመኪናው ኋላ ይታሰራል። መኪናው ሲነሳ ታኮው እየተጎተተ አብሮ ይሄዳል፣ ሜዳው ላይ ሲደርስ ሾፌሩ ወርዶ ይሰበስበዋል። ከዚህ የቀለለ ነገር አለ? ወንዶቹ ግን ሳቁባት። እንጨት በገመድ እየጎተቱ በመንደር ማለፍ ውርደት ነው አሉ። «ኡኒ፣ ውሻ አስከትለህ ሂድ ነው የምትይኝ?» አላት አንዱ። ታኮዎቹ ግድግዳው ሥር ተደርድረው አቧራ ጠጡ፣ እሷም አንጀቷ እያረረ ከድንጋይ ጋር ስትጣላ ኖረች።

እና የዚች ሴት አንድ ልጅ፣ የልኒ፣ ሾፌር ወደደች።

የልኒ ታች ከተማ ውስጥ የሙሽራ ልብስ በወርቅ ክር ትጠልፋለች። ረጋ ያለች ልጅ ናት፣ አንዴ የያዘችውን ግን አትለቅም። ልጁ አፍዳል ይባላል፣ ሲሚንቶ ይጭናል። የልኒ ለእናቷ የነገረቻት ሙዝ እየተጠበሰ ሳለ ነው። ሙዙ ዘይቱ ውስጥ ከሰለ።

«ከወንድ ሁሉ መርጠሽ፣ ሾፌር?»

«አማክ፣ እሱ እንደነሱ አይደለም።» እናቷን አማክ ነው የምትላት።

«ልክ ነሽ፣ ማናቸውም እንደነሱ አይደሉም። ድንጋዩ ራሱ ነው ከጫካው ተነስቶ እየሄደ አስፋልት ላይ የሚተኛው።»

«አባቴን የገደለው አፍዳል አይደለም። ያኔ ገና ተማሪ ነበር።»

«አውቃለሁ። ነገ ግን የሌላ ሰው አባት ይገድላል። ማታ ሲገባ አንቺ ሩዝ ታቀርቢለታለሽ፣ እጁን ታስታጥቢዋለሽ።»

የልኒ እሳቱን አጠፋችና እናቷን ቀና ብላ አየቻት። «እምቢ ካልሽ አልኮበልልም። ሌላ ግን አላገባም። እዚሁ ካንቺ ጋር አረጃለሁ።»

ይህ ነገር ሮስን ከማንኛውም ስድብ በላይ ጎዳት። ልጅቷ ብትጮህ፣ ብትሳደብ፣ ታውቅበት ነበር፤ ጩኸት የለመደችው ነው።

እኛ ዘንድ ሽማግሌ የሚልከው የሴት ወገን ነው። የእናት ወንድም ለሽምግልና የሚቀርበውን የሚታኘክ ቅጠል በጨርቅ ጠቅልሎ ወንዱ ቤት ይሄድና ልጃችሁን ስጡን ብሎ ይለምናል። ሻፍዋንዲም ለአፍዳል እናት ሐሙስ እንመጣለን ብሎ ልኮላት ነበር። የሮስ ቃል ሳይኖር ግን ከቤቱ መነሳት አይችልም። ሐሙስ ሳይሄዱ ቢቀሩ ደግሞ የልጁ እናት ለሌላ ቤት በር ትከፍታለች፣ ነገሩ በዚያው ያበቃል። ስለዚህ ረቡዕ ጠዋት ቃሏን ሊቀበል ወጣ። አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፣ ድንጋዩ ከእግሩ ሥር ነው።

«እሺ ወይስ እምቢ?» አላት።

«ልጁን አላየሁትም።»

«ስንቴ እዚህ ቆሞ ሻይ ጠጥቷል።»

«ሲቆምማ ሁሉም ጨዋ ነው። ሲነሳ ልየው።»

ሻፍዋንዲ ተነፈሰና በእንቁላል አስኳል የተመታ ሻዩን ማማሰል ያዘ። ታናሹ ብትሆንም ይፈራታል፣ ይህን አገር ያውቀዋል። ዝንጀሮዎቹ ከመንገዱ ማዶ ተደርድረው ሙዟን ያያሉ፣ ካፊያው ይወርዳል። እንዲህ እንዳሉ ነው ከታች ድው የሚል ድምፅ የተሰማው። ዝንጀሮዎቹ ተበተኑ።

«ጎማ ነው» አለ ሻፍዋንዲ።

መኪናው እየተጎተተ መታጠፊያውን ዞረ። ከኋላ የውጪው ጎማ ፈንድቶ ተቦጫጭቋል፣ ከፊት ደግሞ ነጭ እንፋሎት ይትጎለጎላል። ሾፌሩ አፍዳል ነበር፣ ለዚያውም ብቻውን።

ሮስ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ በሩ ላይ ቆመች። ልጁ ጥግ ያዘ፣ የመኪናውን ጀርባ ከተራራው ጥግ ጋር አስደገፈ፣ ሁለቱንም ፍሬቻ አበራ። ማርሽ አስገብቶ የእጅ ፍሬኑን ሳበና ድንጋይ ታቅፎ ዘለለ፣ ከጎማው ሥር ሸጎጠው። ከዚያ ፈርኑን ዘንጥሎ ቁልቁል ሮጠ። መኪናው ኋላ ላይ ጣል አድርጎ አልተመለሰም፣ ከመታጠፊያው አልፎ፣ ከታች የሚመጣው ከሩቁ እንዲያየው አድርጎ ደረደረው። ሲመለስ ብሎኖቹን ጎማው መሬት እንደነካ አላላ፣ ከክሪኩ ሥር ጣውላ አነጠፈ፣ መኪናውን ካነሳ በኋላ ስኮርታውን ከሆዱ ሥር አንከባሎ አስገባው። ክሪኩ ቢከዳው መኪናው ጎማው ላይ ያርፋል እንጂ እሱ ላይ አይወድቅም። ራዲያተሩን ዘወር ብሎም አላየው።

«ምን ጎደለው?» አለ ሻፍዋንዲ በቀስታ።

«ዝም በል እስቲ» አለችው። የምትሰድበው ነገር አጥታ ነበር፣ ይህም አናደዳት።

ጎማውን ቀይሮ ሲጨርስ ጀሪካን ይዞ መጣ። እጁ እስከ ክርኑ ጠቁሯል።

«አሰላሙ ዓለይኩም፣ ኡኒ። ውሃ እንዲሰጡኝ ነበር።»

«ወዓለይኩም ሰላም። ክዳኑን ነካኸው?»

«ይብረድ ብዬ ነው።»

«ረዳትህን የት ጣልከው?»

«ትኩሳት ይዞት ቤቱ ቀረ።»

«እና ሲሚንቶ ጭነህ ብቻህን ይህን አቀበት ትወጣለህ? ማን ጀግና አለህ?»

«ጀግናማ ማንም አላለኝም፣ ኡኒ» አለና ፈገግ አለ። ፈገግታው የልኒ ስለሱ ስታወራ የምታሳየው ዓይነት ነበር። ሮስ ዓይኗን ከሱ ላይ አነሳች።

ከግድግዳው ሥር አንዱን ታኮ ከነገመዱ አንስታ እግሩ ሥር ወረወረችው። «ድንጋዩን አውጣና ይህን ሸጉጥ። ገመዱን ከኋላ እሰረው።»

አፍዳል ታኮውን አየው፣ ሻፍዋንዲን አየው፣ አንገቱን አሻሸ። «ምርጥ እንጨት ነው። ግን ኡኒ፣ ይህን እየጎተትኩ ሶሎክ ብገባ ጓደኞቼ እስክሞት ድረስ ውሻ ጎታች ነው የሚሉኝ። ድንጋዩ ይዞልኛል።»

«ስትነሳስ? ድንጋዩን ማን ያነሳዋል?»

«እኔ አነሳዋለሁ።»

«ሁለት አካል ነህ? መሪውንም ይዘህ ድንጋዩንም?»

«አነሳዋለሁ አልኩ፣ ኡኒ። ቃሌ ነው።»

ቃሉን የሰጠው ፈራ ተባ ሳይል ነው፣ ዓይኗን እያየ። ሮስ ጀሪካኑን ነጥቃ ራሷ ሞላችለት። ሻፍዋንዲ ወደ ሻዩ ጎንበስ ብሎ ሳቁን ደበቀ፣ ምክንያቱም እህቱ ድንጋይ ላላነሳ ሰው ውሃ ስትቀዳ ያን ቀን ገና ማየቱ ነው።

ሞተሩ በረደ። ልጁ ክዳኑን በጨርቅ ይዞ ቀስ አድርጎ ፈታው፣ ውሃውን በጥቂት በጥቂቱ አፈሰሰ፣ ዘጋው፣ ጀሪካኑን መለሰ። አመሰገነ። ጋቢና ገባ። ሞተሩ ተነሳ፣ መኪናው አጓራ፣ ወደ ኋላ ትንሽ ብሎ ድንጋዩ ላይ ተደገፈና ወደ ላይ ወጣ።

ሮስ ጠበቀች። መኪናው ይቆማል ብላ ጠበቀች። ድምፁ ሁለተኛውን መታጠፊያ ዞረ፣ ሦስተኛውን ዞረ፣ እየራቀ ሄደ። ድንጋዩ እዚያው፣ እርጥቡ አስፋልት ላይ፣ ጎማው በተወው ቦታ ተጎልቷል። ከመታጠፊያው በታች ቅጠሉም ሳይነሳ ቀርቷል።

«አየኸው?» አለች። «ቃሌ ነው ያለኝን ሰው አየኸው?»

«ሮስ፣ ቆይ እስቲ ምናልባት…»

«ምን ምናልባት አለው? ዓይኔን አይቶ ዋሸኝ። በእጄ ውሃ ቀድቼ ሰጠሁት፣ በገዛ እጄ።»

መጥበሻውን ጥላ በነጠላ ጫማዋ ሮጠች። ገና ድንጋዩ ጋ ሳትደርስ ከታች የሞተር ሳይክል ድምፅ መጣ፣ ባልና ሚስት፣ በመሃላቸው ሕፃን። ሻርፕዋን አውልቃ እያውለበለበች መንገድ መሃል ገባች። ሰውየው ደንግጦ ተጥመዘመዘ፣ ከድንጋዩ በክንድ ያህል ርቀት አለፈ፣ እያለፈም «ምን ሆነሻል አንቺ ሴትዮ?» ብሎ ጮኸባት። እሷን ነው የተቆጣው። ድንጋዩን ሆዷ ላይ አቅፋ፣ እያቃሰተች፣ ተሸክማው ገባችና ከባክታር ድንጋይ አጠገብ ጣለችው። ልብሷ በጭቃ ተለወሰ።

ስልኳን አውጥታ ልጅዋ ጋ ደወለች።

«ያንቺ ሰው ድንጋዩን ትቶ ሄደ። ሰው አልነገረኝም፣ በዓይኔ በብረቱ አየሁት። ሐሙስ የሚባል ነገር የለም።»

ወዲያ ማዶ የስፌት መኪናው ቆመ። ሮስ ስልኩን ዘጋችው።

«ሂድና ላክባቸው» አለችው ወንድሟን። «አንመጣም በላቸው። እናቱ ብትቀየም ትቀየም። እኔ ልጄን ለገዳይ ወገን አልሰጥም።»

ሻፍዋንዲ አልተንቀሳቀሰም። እሷ ከበርሜሉ ወደ መጥበሻው፣ ከመጥበሻው ወደ በሩ እየተመላለሰች ረገመች፣ ሾፌርን ሁሉ፣ የመኪና ባለቤቶችን፣ መንገዱን ያወጣውን መሐንዲስ፣ ዝንጀሮዎቹን ሳይቀር። ሻዩ ቀዘቀዘ፣ ዝናቡ አባራ። በመጨረሻ ወንድምየው «እሺ» ብሎ ጫማውን አጠለቀና ተነሳ። በሩ ላይ ግን ቀጥ አለ።

«ሮስ። ነይ እዪ።»

አንድ ሰው ቁልቁል እየሮጠ ነበር፣ የተራራውን ጥግ ይዞ። አፍዳል ነው። ሸሚዙ ሰውነቱ ላይ ተጣብቋል፣ ብብቱ ሥር የቅርንጫፍ እቅፍ ይዟል። መኪናው ቆሞበት ከነበረው ቦታ ሲደርስ ድንጋዩን አጣው። ቆመ። አስፋልቱን አየ፣ ከዚያ ፊቱ ተለዋወጠ፣ ቦዩ ውስጥ ጎንበስ ብሎ አየ፣ ወደ ገደሉ ጠርዝ ሮጦ ቁልቁል አየ። ድንጋዩን እየፈለገ እንዳልነበረ ሮስ ገባት። የወደቀ ሰው ነው የሚፈልገው።

«እዚህ ነው!» ብላ ጮኸችበት። «አንስቼዋለሁ!»

ልጁ ጉልበቱን ይዞ አጎነበሰ። ከዚያ እያለከለከ መጣ።

«አቀበቱ ላይ መቆም አልቻልኩም፣ ኡኒ። ጭነቱ ወደ ኋላ ይጎትተኛል። መቆም የሚቻለው ላይ፣ ሜዳው ላይ ብቻ ነው። እዚያ አቁሜ ነው የሮጥኩት። ቅጠሉን ታች የተውኩት ሆን ብዬ ነው፣ እስክመለስ ሰው እንዲጠነቀቅ።»

«በእግርህ እስክትመለስ ሕፃን የያዘች ሴት አለፈች። ታውቃለህ? በክንድ ያህል ነው ያለፉት። ድንጋይህ አንተን ይጠብቃል እንዴ?»

«አጥፍቻለሁ» አለ። «ታኮውን መውሰድ ነበረብኝ።»

ሌላ ልትለው አፏን ከፍታ ነበር። ነፋስ መጣና ሽታው ደረሳት። የያዘውን ቅርንጫፍ አየችው።

«ይህ ምንድነው?»

«ቅጠል ነዋ። ታች ያለውን ቅጠል መኪና በትኖት ይሆናል፣ ድንጋዩ ዙሪያ ላኑር ብዬ።»

«ከየት ነው የዘነጠልከው?»

«ከላይ፣ ከመስጊዷ አጠገብ። መኪናዬን ካቆምኩበት።» ግራ ተጋብቶ አያት። «ቀረፋ ነው። ሌላ አላገኘሁም።»

ሮስ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ሻፍዋንዲ ከበሩ አልተነቃነቀም፣ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ኡዳ» አለችው። «ያን ቀን ባክታር ዙሪያ የነበረው ቅጠል ምን ነበር?»

«ተይው፣ ሮስ።»

«ምን ነበር?»

«ቀረፋ» አለ።

«ሰውየው መጥቶ ነበር» አለች። «ደግ መንገደኛ አይደለም። ባለ ድንጋዩ ራሱ ነው። ላይ አቁሞ፣ ቅጠል ዘንጥሎ፣ ድንጋዩን ሊያነሳ በእግሩ እየሮጠ ወርዶ ነበር። ሲደርስ ባክታር ወድቆ ነበር።»

በርሜሉ ብቻ ይንዠቀዠቃል።

ይህን ሁሉ ዓመት የረገመችው ዞሮ ያላየ ሰው ነበር። ሰውየው ግን ዞሯል። ይህን አቀበት በዝናብ እየሮጠ ወርዷል፣ ልክ እንደዚህ ልጅ እያለከለከ። ልታዝንለት አማራት፣ ወዲያው ደግሞ ሌላ ቁጣ ከሥሩ ፈልቶ ወጣ፣ ከድሮው የባሰ። መጥቶ አይቶታል። ቅርንጫፉን አንድ በአንድ ደርድሮለታል። ከዚያ ጥሎት ሄደ። እሷ እዚህ ሩዝ ታጥብ ነበር። ጠጋ ብሎ ቢጠራት ትሰማው ነበር፣ ቆርቆሮውን በጠጠር ቢመታ ትሰማው ነበር። ባክታር ነፍሱ ነበረችም አልነበረችም፣ ራሱን ጉልበቷ ላይ ታደርገው ነበር።

ወደ ልጁ ቀና አለች። «አሁን ስትመጣ የወደቀ ሰው ነበር የምትፈልገው። ብታገኝ ኖሮ ምን ታደርግ ነበር?»

አፍዳል ቅርንጫፉን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«አላውቅም» አለ። «ስወርድ እሱን ነበር የማስበው። መሸሽ ያምረኝ ነበር መሰለኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ሻይ ቤትዎን አይ ነበር። እርስዎን እጠራ ነበር።» ወደ ገደሉ አየና «እንጃ። እጠራለሁ ብዬ ነው የማስበው» አለ።

ሻፍዋንዲ ዓይኑን ጨፈነ፣ ነገሩ በዚህ ተበላሸ ብሎ። ሮስ ግን «እንዴት እሸሻለሁ፣ ኡኒ» ቢላት ኖሮ በጭልፋው ነበር የምታባርረው።

ተነሳች። ያን ታኮ ከነገመዱ አንስታ ትከሻዋ ላይ አደረገችው።

«ቅጠሉን እዚያ ጣለው፣ ሽታው ያመኛል። ቅደም።»

«ወዴት ነው?»

«መኪናህ ጋ ነዋ። እኔ ነኝ የማስረው። አንተ ብታስረው ከመታጠፊያው ዞር ስትል ፈትተህ ትጥለዋለህ።»

«አልጥለውም፣ ኡኒ።»

«ቃልህን ሰምቻለሁ፣ ልክ ነው፣ ጠብቀኸዋል። እኔ ቃል አልፈልግም። ተመልሶ የሚመጣ ሰውም አልፈልግም። አንዱ ተመልሶ መጥቶልኛል፣ ምን አደረገልኝ? ድንጋይ አትተው። ካልተውክ መመለስ የለብህም። ይህ ለወንድ ልጅ ይከብደዋል?»

«አይከብደውም» አለ ልጁ።

«ውሻ ጎታች ይበሉህ። ስምህን ሲያጠፉ እኔ ጋ አምጣቸው።»

መንገዱን ያዙ፣ እሱ ከፊት፣ እሷ እንጨቱን ተሸክማ ከኋላ። ልሸከምልዎት ቢላት እጁን መታችው። ሻፍዋንዲ በሩ ላይ ቆሞ ሲያያቸው ከቆየ በኋላ ጮኾ ጠየቃት።

«ሮስ፣ ሐሙስን ምን ልበላቸው?»

ሳትዞር መለሰች። «የሽምግልናውን ቅጠል ጠቅልል። እኔም እመጣለሁ፣ ለእናቱ የምነግራት አለኝ። ለየልኒም ደውልላት።»

እስከ መስጊዷ ድረስ ስትቆጣው ሄደች። ላይ ሲደርሱ ታኮውን ከመኪናው ኋላ፣ የጭነቱ መዝጊያ ላይ ከተሳለው ነብር ሥር አሰረችው፣ ቋጠሮውን በጥርሷ ሳብ አድርጋ አጠበቀችው። ልጁ ተሰናብቷት ሲነሳ መንገዱ መሃል ቆማ እንጨቱ እየተንገጫገጨ ሲከተለው አየች። ከጀርባዋ የቀረፋው ዛፍ ነበር፣ ከታች በኩል ቅርንጫፎቹ የተዘነጠሉበት ቦታ ገና ነጭ ነው። አጠገቡ ደግሞ ከብዙ ዓመት በፊት ተሰብሮ የጠቆረ ጉጥ ነበረው። እጇን ጉጡ ላይ አሳርፋ ትንሽ ቆየችና፣ ሙዙ ምድጃ ላይ እንደቀረ ትዝ ሲላት ቁልቁል መሮጥ ጀመረች።